የሠራተኛ ሕዝብ የምርጫ ክልልን ፖለቲካዊ ታሪክ አጥንቶ ለመጻፍ፦ መርተር ቲድቪል እንደ ማሳያ

አንድ የምርጫ ክልል «የእገሌ ፓርቲ ምሽግ ነው» ተብሎ ብቻ ሲታለፍ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። የሠራተኛ ሕዝብ የሚበዛበት ክልል ሲሆን ደግሞ የሚጻፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ፋብሪካ ነበረ፣ ማኅበር ነበረ፣ ሁሉም ለአንድ ፓርቲ ድምፁን ሰጠ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሕዝቡ ተቆጣ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ግን ሕዝቡ መቼ ከገዛ ፓርቲው ጋር እንደተጣላ፣ መቼ ከምርጫ ጣቢያ እንደቀረ፣ ወሰኑስ መቼ ከእግሩ ሥር እንደተቀየረ አይናገርም። የክልል ታሪክ የሚባለው ደግሞ ይኸው ነው።

እዚህ የምናሳየው አንድን ክልል ከመሠረቱ አጥንቶ መጻፍ እንዴት እንደሚቻል ነው። ማሳያችን በብሪታንያ፣ በደቡብ ዌልስ የሚገኘው መርተር ቲድቪል ነው። ብረትና ከሰል የፈጠሩት ከተማ ነው፤ ከ1832 ጀምሮ የፓርላማ መቀመጫ አለው፤ የሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ የመጀመሪያ ሰዎች ወደ ፓርላማ ከገቡባቸው በሮች አንዱ ነው። ዓመታቱ ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ወሰኑ

የመጀመሪያው ሥራ ካርታ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ መሬቱ ሊለያይ ይችላልና። መርተር በ1832 መቀመጫ ሲያገኝ ክልሉ ከከተማው ሌላ የአበርዴርን አካባቢም ይጨምር ነበር፤ የሚልከውም አንድ ተወካይ ነበር። ከ1868 ምርጫ ጀምሮ ሁለት ተወካይ የሚልክ ሆነ። በ1918 ለሁለት ተከፈለ፤ መርተርና አበርዴር ለየብቻቸው አንድ አንድ መቀመጫ ያዙ። በ1983 በስተምሥራቅ ካለው ሸለቆ ጋር ተጣምሮ «መርተር ቲድቪልና ራምኒ» ተባለ። በ2024 የዌልስ መቀመጫ ከ40 ወደ 32 ሲወርድ ራምኒ ወደ ሌላ ክልል ሄደ፤ መርተርም ከ106 ዓመት በኋላ ከአበርዴር ጋር እንደገና ተገናኘ።

አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ የምርጫው ዓመት፣ የክልሉ ስም፣ የመቀመጫው ብዛት፣ የተጨመረና የተቀነሰ አካባቢ። ወሰን በተቀየረበት ቦታ ሁሉ ወፍራም መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ ያለውን መቶኛ ከመስመሩ በታች ካለው ጋር አትቀናንሱ። የተለመደው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፦ አንድ ሰው የ2019ኙን ውጤት ከ2024ቱ ጋር አስተያይቶ «ፓርቲው ይህን ያህል ወረደ» ይላል፤ ሁለቱ ምርጫዎች ግን የተካሄዱት በተለያየ መሬትና በተለያየ ሕዝብ ላይ ነው። እንዲህ ላለው ጊዜ የብሪታንያ ባለሙያዎች የአሮጌውን ምርጫ ውጤት በአዲሱ ወሰን መልሰው ይገምታሉ። በግምቱ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ግምት መሆኑ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መነገር አለበት።

ወሰኑ ለምን እንደተቀየረም ጻፉ። ለ2024ቱ ምርጫ ሕጉ የእያንዳንዱ ክልል የተመዘገበ መራጭ ከ69,724 እስከ 77,062 እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ በሕግ የተጠበቁ ጥቂት የደሴት ክልሎች ከዚህ ነፃ ነበሩ። በ2021 ቆጠራ የመርተር አስተዳደር ጠቅላላ ሕዝብ 58,800 ያህል ነበር፤ ሕፃናቱ ተቀንሰው መራጩ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ መርተር ብቻውን ሊቆም አይችልም ነበር፤ የግድ ከጎረቤት ጋር መጣመር ነበረበት። ይህን ያልተረዳ ጸሐፊ ለውጡን የፖለቲካ ሴራ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል።

ደመወዝ ከፋዩ ማን ነበር?

ሁለተኛው ሥራ የሥራ ቦታዎቹን የዘመን ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ነው። ለእያንዳንዱ ትልቅ ቀጣሪ የተከፈተበትን ዓመት፣ የተዘጋበትን ዓመት፣ ባለቤቱንና የሚያመርተውን መዝግቡ፤ ከተገኘ የሠራተኛውን ብዛት፣ የቤቱንና የሱቁንም ባለቤት ጨምሩ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቀጣሪው አከራይም ባለሱቅም በሆነበት ቦታ ድምፅ መስጠት ሌላ ትርጉም አለው።

በመርተር ዝርዝሩ በአራት የብረት ማቅለጫዎች ይጀምራል፦ ዳውላይስ በ1759፣ ፕሊመዝ በ1763፣ ኪቫርትቫ በ1765፣ ፔንዳረን በ1784። በ1801 የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ መርተር 7,705 ሰው ይዞ የዌልስ ትልቁ ከተማ ነበር፤ በ1911 የአስተዳደሩ ሕዝብ 80,990 ደረሰ። ሰው የመጣው ከዌልስ ገጠር፣ ከአየርላንድ፣ ኋላም ከስፔን ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በዳውላይስ የብረት ማቅለጡ ዋና ሥራ በ1930 ቆመ፤ በ1934 ዋስትና ከተገባላቸው ሠራተኞች 61.9 በመቶው ሥራ አጥ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሁቨር የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፋብሪካ በ1948 ተከፍቶ ብዙ ሴቶችንም ወደ ደመወዝ ሥራ አስገባ፤ እሱም በ2009 ተዘጋ። የመርተር ቬይል የከሰል ጉድጓድ የተዘጋው በ1989 ነው።

ይህ ሰንጠረዥ ከምርጫው ሰንጠረዥ ጎን ሲቀመጥ ብዙ ነገር ይታያል፤ አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ፋብሪካ በተዘጋ ማግስት ድምፅ አይገለበጥም። በ1930ዎቹ ሥራ አጥነት መርተርን ወደ ሌበር ይበልጥ አስጠጋው እንጂ አላራቀውም። ከ2009 በኋላ የታየው ሌላ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው መዘጋቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከፋብሪካው ጋር ማኅበሩ፣ ክበቡ፣ የስብሰባ አዳራሹ አብሮ መሄዱ ነው። ስለዚህ የማኅበሩን ቅርንጫፍ ዕድሜ ከፋብሪካው ዕድሜ ለይታችሁ መዝግቡ።

የቀጣሪው ማንነት የተለወጠበት ዓመትም ትልቅ ቦታ አለው። የከሰል ማዕድኑ በ1947 የመንግሥት ሀብት ሆነ። ከዚያ በኋላ የመርተር ማዕድን ሠራተኛ አሠሪው ራሱ የመረጠው ፓርቲ ያቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 1966 ከመርተር በስተደቡብ ባለችው አበርቫን መንደር ከተራራው አናት ላይ የተከመረው ሰባተኛው የማዕድን ቆሻሻ ክምር ተንዶ ትምህርት ቤቱንና ቤቶችን ቀበረ። 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። አጣሪው ሸንጎ ጥፋተኛ ያደረገው የመንግሥቱን የከሰል ቦርድ ነው። የቀሩትን ክምሮች ለማንሳት ደግሞ በ1968 ሕዝብ ለተጎጂዎች ካዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ። በሥልጣን ላይ የነበረው የሌበር መንግሥት ነበር። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። የመርተርን የ1970 እና የ1972 ምርጫዎች ከዚህ ነጥሎ የሚጽፍ ሰው የሕዝቡን ሐዘን ከሒሳብ አውጥቶታል።

ቁጥሩን ሳትተረጉሙ መራጩን ቁጠሩ

ለእያንዳንዱ ዘመን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን የመምረጥ መብት ነበረው?» የሚለው ነው። በ1831 የመርተር ሠራተኞች ተነሥተው ከወታደር ጋር ተጋጩ፤ ዲክ ፔንደሪን የተባለው ወጣት የማዕድን ሠራተኛ ነሐሴ 13 ቀን 1831 በካርዲፍ ተሰቀለ። በዓመቱ መርተር መቀመጫ ሲያገኝ ግን ከ20,000 በላይ ሕዝብ ካለው ከተማ የተመዘገበው መራጭ 500 ያህል ብቻ ነበር። የተመረጠውም የዳውላይስ ማቅለጫ ባለቤት ጆሳያ ጆን ጌስት ነው፤ በ1852 እስኪሞት መቀመጫው ላይ ቆየ። ስለዚህ ከ1832 እስከ 1868 ያለውን «የሠራተኛው ድምፅ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ክልሉ የሠራተኛ ነበር፤ መራጩ ግን አልነበረም።

የ1867ቱ ሕግ በከተማ ቤት ለያዙ ወንዶች የመምረጥ መብት ሲሰጥ የመርተር መራጭ ከአሥር እጥፍ በላይ አድጎ 14,577 ሆነ። በ1868ቱ ምርጫ ሄንሪ ሪቻርድ 11,683፣ ሪቻርድ ፎዘርጊል 7,439፣ ነባሩ ተወካይ ሄንሪ ኦስተን ብሩስ 5,776 ድምፅ አገኙ። ድምፁን ደምሩት፦ 24,898። ከተመዘገበው መራጭ በ10,000 ያህል ይበልጣል። ይህን ያየ ጀማሪ «ምርጫው ተጭበርብሯል» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ክልሉ ሁለት መቀመጫ ስላለው እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ድምፅ የመስጠት መብት የነበረው መሆኑ ነው። መቶኛ ማስላት ከፈለጋችሁ የድምፁን ድምር ለሁለት አካፍሉ፤ የምታገኙት 12,449 ቢያንስ ይህን ያህል ሰው ድምፅ እንደሰጠ ያሳያል። አንድ ድምፅ ብቻ ሰጥተው የሄዱ ስላሉ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። «በሁለት መቀመጫ ክልል የተሰላ» የሚል ማስታወሻ ከጎኑ ይግባ።

ድምፅ አሰጣጡ በምስጢር የሆነው በ1872 ነው። ከዚያ በፊት መራጩ በአደባባይ ስም ይጠራ ስለነበር፣ በአንዳንድ ቦታ ማን ለማን እንደመረጠ የሚያሳዩ የታተሙ መዝገቦች አሉ። መዝገቡ ከተገኘ የመራጩን ሥራ ከድምፁ ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ከ1872 በኋላ ይህ በር ዝግ ነው። ሌሎቹ የመብት ድንበሮች 1918 (አዋቂ ወንዶች ሁሉና ዕድሜያቸው 30 የሞላና በሕጉ የተቀመጠውን መስፈርት ያሟሉ ሴቶች) እና 1928 (ሴቶች ከወንዶች እኩል) ናቸው።

ዛሬም ቢሆን በአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት መራጭ አለ። በዌልስ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋ፣ ኢትዮጵያዊውን ጨምሮ፣ ለዌልስ ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል፤ የ16 ዓመት ልጅም እንዲሁ። ለለንደኑ ፓርላማ ግን ኢትዮጵያዊው የብሪታንያ ዜግነት፣ ልጁም 18 ዓመት መሙላት ያስፈልገዋል። በመሆኑም የሁለቱን ምርጫዎች የመራጭ ቁጥር እያቀላቀሉ ማስላት አይገባም።

ትግሉ ያለው ዕጩው የሚመረጥበት ክፍል ውስጥ ነው

አንድ ፓርቲ በሚያሸንፍበት ክልል እውነተኛው ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ከምርጫው ቀን በፊት፣ ፓርቲው ዕጩውን ሲለይ ነው። የመርተር ታሪክ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ እናም ከጥናት ጊዜያችሁ ትልቁን ድርሻ ለዚህ ስጡት።

በ1900 እንጀምር። የዚያን ዓመት በየካቲት ኋላ ሌበር ፓርቲ የሆነው ኮሚቴ ተመሠረተ። በጥቅምቱ ምርጫ ከኮሚቴው መሥራቾች አንዱ የሆነው ኬር ሃርዲ በሰሜን እንግሊዝ ባለችው ፕሬስተንና በመርተር በአንድ ጊዜ ተወዳደረ፤ አብዛኛውን ጊዜውንም ያሳለፈው ፕሬስተን ነበር። እዚያ ተሸነፈ፤ መርተር ግን የከሰል ማዕድን ባለሀብቱ ዲ. ኤ. ቶማስ 8,598፣ ሃርዲ 5,745፣ ፕሪቻርድ ሞርጋን 4,004 ሆኖ ሁለተኛውን መቀመጫ አገኘ። ይህን «የሶሻሊዝም ማዕበል» ብሎ መጻፍ ይቀላል። ነገር ግን ቶማስና ሞርጋን ሁለቱም ሊበራል ሆነው ሳለ የማይዋደዱ ነበሩ፤ ሞርጋን የደቡብ አፍሪካውን ጦርነት ሲደግፍ ቶማስ ይተች ነበር። ብዙ የቶማስ ደጋፊዎች ሁለተኛ ድምፃቸውን ለሃርዲ ሰጡ። ሃርዲ የገባው በማዕድን ሠራተኞች ድጋፍም፣ በባለሀብቱ በቶማስ መራጮች ሁለተኛ ድምፅም ነው። ሁለቱን አብሮ መጻፍ የሃርዲን ክብር አይቀንስም፤ ታሪኩን እውነተኛ ያደርገዋል።

ሃርዲ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ሲቃወም ቆይቶ በመስከረም 1915 ሞተ። መቀመጫውን ለመሙላት በኅዳር በተደረገው የማሟያ ምርጫ የሌበር ይፋዊ ዕጩ የደቡብ ዌልስ ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጄምስ ዊንስቶን ነበር። ያሸነፈው ግን የአበርዴር የማዕድን ሠራተኞች ወኪል የነበረውና ጦርነቱን አጥብቆ የደገፈው ቻርልስ ስታንተን ነው፤ 10,286 ለ6,080። ሁለቱም የማኅበር ሰዎች፣ ሁለቱም የሠራተኛ ልጆች ናቸው። ሠራተኛው በመደብ አልተከፈለም፤ በጦርነት ተከፈለ። ክልሉን «ከ1900 ጀምሮ ያልተናወጠ የሌበር ቦታ» የሚሉ ጽሑፎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሌበር መርተርን አጥብቆ የያዘው በ1922 አር. ሲ. ዎልሄድ ካሸነፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ኤስ. ኦ. ዴቪስ መጣ። የማዕድን ሠራተኛ የነበረ፣ በ1934 ማሟያ ምርጫ የገባ፣ ከፓርቲው መሪዎች ጋር መጋጨት የማይፈራ ሰው ነበር። በ1955 ዌልስ የራሷ ፓርላማ እንዲኖራት የሕግ ረቂቅ አቀረበ፤ በ1961 በመከላከያ በጀት ላይ ከፓርቲው መስመር ወጥተው ድምፅ ከሰጡ አምስት ተወካዮች አንዱ በመሆኑ ለጊዜው ከፓርላማው ቡድን ተባረረ። በ1970 የአካባቢው ፓርቲ «አርጅተሃል» ብሎ ሌላ ዕጩ አቀረበ። በይፋ በተመዘገበው ልደቱ መሠረት 83 ዓመቱ ነበር። ዴቪስ ያለ ፓርቲ መዋቅር በግል ተወዳድሮ 16,701 ድምፅ አገኘ፤ የሌበር ዕጩ 9,234። ልዩነቱ 7,467 ነው።

በዚህ ምርጫ ላይ ሦስት ነገሮችን ለዩ፦ ሕዝቡ ለፓርቲው ያለው ስሜት፣ ለአካባቢው ኮሚቴ ያለው ስሜት፣ ለሰውዬው ያለው ስሜት። የረጅም ዘመን ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው በ1970 የሌበር ድርሻ ወደ 28.7 በመቶ ሲወርድ አይቶ ሕዝቡ ወደ ቀኝ ዞረ ሊል ይችላል። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ያሸነፈው ከፓርቲው በስተግራ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ከ1970 አጠገብ ኮከብ አድርጉና ከሥሩ አብራሩ። ዴቪስን ግን መልአክ አታድርጉት። በአበርቫን ማጣሪያ ላይ የክምሩ መንሸራተት ያሰጋው እንደነበር፣ ነገር ግን ጉድጓዱ እንዳይዘጋ ብሎ እንዳልገፋበት ተናግሯል። ሸንጎው ቃሉን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። የቀጣሪ መዘጋት ፍርሃት የሕዝብ ተወካይን አፍ እንዴት እንደሚይዝ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ዴቪስ በ1972 ሞተ። በሚያዝያው የማሟያ ምርጫ ሌበር መቀመጫውን መለሰ፤ ግን የዌልስ ብሔርተኞቹ ፕላይድ ከምሪ 11,852 ለ15,562 ድረስ ተጠግተውት ነበር። በ1976 ደግሞ የመርተርን ምክር ቤት ያዙ። የ1970ው ምርጫ በሩን ከፍቶት ነበር፤ ሌበርን አንድ ጊዜ ያልመረጠ እጅ ሁለተኛውን አይፈራም።

ለዚህ ምዕራፍ መረጃው የሚገኘው ከውጤት ሰንጠረዥ አይደለም። በ1864 የተቋቋመውን የመርተር ኤክስፕረስ ጋዜጣ፣ ሃርዲ ያስጀመረውን ፓዮኒር፣ በዌልስ ቋንቋ ይታተሙ የነበሩ የሠራተኛ ጋዜጦችን ማገላበጥ ነው። የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1919 ያሉ ብዙ ጋዜጦችን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። የማኅበራትን ቃለ ጉባኤ ለማየት በስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ያለው የደቡብ ዌልስ የከሰል ማዕድን ስብስብ የመጀመሪያው ቦታ ነው። ጋዜጣ ስታነቡ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ። የፓርላማ ንግግሮች መዝገብም በነፃ ይገኛል፤ ተወካዩ በስንት ጊዜ ስለ ክልሉ እንደተናገረ ሳይሆን ስለ ምን ዝም እንዳለ ፈልጉበት።

በቅርቡም ይኸው ታሪክ ተደግሟል። ለ2024 ወሰኑ ሲጣመር የመርተሩ ጄራልድ ጆንስና አበርዴርን ይጨምር የነበረው የኪነን ሸለቆ ክልል ተወካይ ወይዘሮ ቤት ዊንተር፣ ሁለቱም የሌበር ሰዎች፣ ለአንድ መቀመጫ ተፋጠጡ፤ በ2023 የፓርቲው አባላት በሰጡት ድምፅ ጆንስ አሸነፈ። ይህን የማይጠቅስ የ2024 ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ሁለተኛ የወጣውና ያልመጣው

አሸናፊው የማይለወጥ ከሆነ ሁለተኛውን ተከተሉ። በመርተር ቲድቪልና ራምኒ የሌበር ድርሻ በ1997 76.7፣ በ2010 43.7፣ በ2015 53.9፣ በ2017 66.8፣ በ2019 52.4 በመቶ ነበር። ሁለተኛው ግን በየጊዜው ሌላ ነው፦ በ2010 ሊበራል ዴሞክራት በ31 በመቶ፣ በ2015 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ ይታገል የነበረው ዩኪፕ በ18.7 በመቶ፣ በ2017 እና በ2019 ወግ አጥባቂዎቹ፣ በ2024 በአዲሱ ወሰን ሪፎርም የተባለው ፓርቲ። ፍልስፍናቸው የማይገናኝ ፓርቲዎች አንድን ቦታ እየተፈራረቁ ሲይዙ፣ መራጩ እየፈለገ ያለው ፍልስፍና ሳይሆን ሌበርን የሚገሥጽበት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን እንደ መላ ምት ጻፉት፤ ማረጋገጫው የመራጮች ጥናት እንጂ የክልል ውጤት አይደለም።

የድምፅ ዝውውር ስሌት እዚህ ያሳስታል። የተለመደው ስሌት የአንዱን ፓርቲ ጭማሪና የሌላውን ቅናሽ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ከ2010 ወደ 2015 ሌበር በ10.2 ነጥብ ጨመረ፤ ሊበራል ዴሞክራት ወደ 4 በመቶ ገደማ በመውረዱ 27 ነጥብ ያህል አጣ። ሲሰላ «ወደ ሌበር የ18.6 ነጥብ ዝውውር» ይወጣል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ መልእክቱ ግን ስሕተት፤ ምክንያቱም በዚያው ምርጫ ዩኪፕ ከምንም ተነሥቶ ሁለተኛ ሆኗል። ከሁለት በላይ ጠንካራ ፓርቲ ባለበት የዝውውር ቁጥር አትጠቀሙ፤ የእያንዳንዱን ፓርቲ ጭማሪና ቅናሽ ለየብቻው አስቀምጡ።

ያልመጣው መራጭ ደግሞ ሁልጊዜ ሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ ይኑረው። አንድ ፓርቲ ከተሰጠው ድምፅ 52 በመቶ አግኝቶ የመራጩ ተሳትፎ 57 በመቶ ቢሆን፣ 0.52 × 0.57 = 0.296፤ ከተመዘገበው መራጭ የደገፈው 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህን ዓምድ ለሁሉም ምርጫ አስሉት። ድርሻው ሳይወርድ ይህ ቁጥር ሲወርድ ካያችሁ፣ ክልሉ ታማኝ ሳይሆን ደክሞታል ማለት ነው።

ቆጠራው የሚናገረውና የማይናገረው

የ2021 ቆጠራ መረጃ ከ1,000 እስከ 3,000 ሰው በሚይዙ ትናንሽ አካባቢዎች ጭምር ተዘርዝሮ ይገኛል። ለሠራተኛ ክልል አምስት ነገሮች ይበቃሉ፦ የሥራ ዓይነት (በተለይ ተራና ከፊል ተራ የሚባሉት የሥራ መደቦች)፣ የቤት ባለቤትነት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የረጅም ጊዜ ሕመም፣ የመኪና መኖር። የማዕድን አካባቢ ሕመም ከሥራ አጥነት ጋር ይያያዛል፤ ሥራ ያልያዘ ሁሉ ሥራ ፈላጊ አይደለምና የሥራ አጥ ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል።

መረጃው የማይፈቅደው አንድ ነገር አለ። ድሃ የሚበዛበት ሰፈር እንዲህ መረጠ ማለት ድሆቹ እንዲህ መረጡ ማለት አይደለም። በብሪታንያ የፓርላማ ምርጫ ድምፅ የሚነገረው በክልል ደረጃ ብቻ ስለሆነ «ዳውላይስ እንዲህ መረጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማረጋገጫ የለውም። በሰፈር ደረጃ ማየት ከፈለጋችሁ የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ነው ያለው። መርተር ላይ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ ሌበር በ2008 እና በ2017 ምክር ቤቱን ለግል ተወዳዳሪዎች ሲያስረክብ የፓርላማው መቀመጫ አልተነቃነቀም። በ2016ቱ የአውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔም መርተር 56.4 በመቶ ለመውጣት ድምፅ ሰጥቶ በዓመቱ ሌበርን በሰፊው መርጧል። ሁለቱን «ይጋጫሉ» ብላችሁ አትለፏቸው፤ ጥያቄውም ተሳታፊውም የተለያየ ነበር።

ጽሑፉን ስታዋቅሩ

ለአንድ ክልል ከ1,500 እስከ 2,500 ቃል ይበቃል። የተወካዮችን ስም ዝርዝር መጀመሪያ ላይ አታድርጉ፤ አንባቢ እዚያው ይቀራል። በዛሬው ወሰንና በዛሬው ቀጣሪ ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱና ሁለት ወይም ሦስት ምርጫዎችን በጥልቀት አብራሩ። ለመርተር 1868፣ 1915 እና 1970 ይበቃሉ፤ የቀሩት በአንድ አንቀጽ ይታለፋሉ። ሃርዲን ያህል ስም ያለው ሰው ሲኖር ጽሑፉን ሁሉ ይወስደዋል፤ ገደብ አድርጉለት።

የቦታውን ሰዎች ቋንቋ አክብሩ። «ኋላ ቀር»፣ «የተረሳ» የሚሉ ቃላት ሳይጠየቁ የተለጠፉ ናቸው፤ የሥራ አጡን መቶኛ መጻፍ ይሻላል።

ይኸው አሠራር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት 23ቱንም ወሰደ፤ በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 22ቱን ሲያገኝ አንዷን መድረክ አስቀረ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ግልብጥ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሕዝቡ ምን ነካው?» ሳይሆን «የተመዘገበው ማን ነበር? ማንስ ነው ያልተወዳደረው?» መሆን አለበት። አቃቂ ቃሊቲን የመሰለ የፋብሪካ አካባቢ ለማጥናት የሥራ ቦታዎቹን ዝርዝር ከጨርቃ ጨርቅና ከብረታ ብረት ፋብሪካዎች ጀምራችሁ ሥሩ። በደርግ ዘመን የተወረሱትን፣ ኋላ ወደ ግል የዞሩትን ለይታችሁ አስፍሩ፤ በመርተር የ1947 ለውጥ ያሳየው የአሠሪ መቀያየር እዚህም አለ።

ሁለት ነገር ግን ይለያል። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ የምርጫ ሕግ ውጤት በየምርጫ ጣቢያው እንዲለጠፍ ስለሚያዝዝ በብሪታንያ የማይገኘው የሰፈር ደረጃ መረጃ በመርህ ደረጃ አለ፤ ሲለጠፍ ፎቶ ያላነሳው ሰው ግን ኋላ ለማግኘት ይቸገራል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕዝብ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ በዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄዷል። ወሰኑ ባይነካም በውስጡ ያለው ሰው ተቀይሯል፤ የመራጮች ምዝገባ ቁጥርን በየምርጫው ማስተያየት ለጊዜው ከቆጠራው የተሻለ መለኪያ ነው።

ዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ አንዴ ወስኑና እስከ መጨረሻው ያዙት። ሰኔ 2013 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ በውጭ ጽሑፎች የ2021 ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰንጠረዥ ሲቀላቀሉ አንድ ምርጫ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።